ሞጁሉን በስክሪን ስታጠኑ ምን ይበላሻል?

የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር በኮምፒውተር ነበር። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ይሰጣል። ንባቡ ግን ከፈተናው ቀድሞ ስክሪን ውስጥ ገብቷል፤ ሞጁሉ ፒዲኤፍ ነው፣ ሌክቸሩ ፓወርፖይንት ነው፣ ማጣቀሻ መጽሐፉ በቴሌግራም የሚዞር ስካን ነው። ስለ ጉዳቱ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ዓይን ላይ ያርፋል፤ «ጨረር የሚከላከል መነጽር ግዛ» ይባላል። ዓይን መድከሙ እውነት ነው፣ ወደ እሱም እንመጣለን። ከዚያ የሚብሰው ግን ስክሪን ላይ ያነበበ ሰው ያልገባው ነገር የገባው መምሰሉ ነው። ዓይን ሲቃጠል ያስታውቃል፤ ይሄኛው እስከ ፈተናው ቀን ድረስ ድምፁን አያሰማም።

እ.ኤ.አ. በ2018 ፓብሎ ዴልጋዶና ባልደረቦቹ ከ2000 እስከ 2017 የወጡ፣ የስክሪንና የወረቀት ንባብን ያነጻጸሩ 54 ጥናቶችን ሰብስበው መርምረዋል፤ የተሳታፊዎቹ ቁጥር ከ170 ሺህ ያልፋል። በመረዳት በኩል ወረቀት ላይ ያነበቡት በልጠው ተገኙ። ልዩነቱ ሰፊ አይባልም፤ ዝርዝሩ ግን ተማሪን በቀጥታ ይነካል። ትረካ ላይ ልዩነት አልታየም፤ የታየው መረጃ በሚይዝ ጽሑፍ ላይ ነው፤ ሞጁል ማለት ደግሞ ይኸው ነው። የጊዜ ገደብ ሲኖር ልዩነቱ ይሰፋል። «አዲሱ ትውልድ ሲለምደው ይቀራል» የሚለው ተስፋም አልሠራም፤ ዓመታቱ በገፉ ቁጥር ልዩነቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ምክንያቱን በተመለከተ ራኬፌት አከርማንና ሞሪስ ጎልድስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2011 እስራኤል ውስጥ ያደረጉት ሙከራ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። በዚህ ሙከራ፣ ከላይ ካለው የ54ቱ ጥናቶች ድምር በተለየ፣ ለሁሉም እኩል የተወሰነ ሰዓት ሲሰጥ የስክሪንና የወረቀት አንባቢዎች ውጤት አልተለያየም። «እስኪበቃችሁ አጥኑ» ሲባሉ ግን የስክሪኖቹ ውጤት ዝቅ አለ። ስንት እንደሚያገኙ ሲጠየቁ የገመቱት ከወረቀቶቹ ይልቅ ከእውነቱ የራቀ ነበር፤ ጊዜያቸውንም በወጉ አላከፋፈሉም። ማለትም ስክሪኑ አእምሮን አላደነዘዘም። ያበላሸው «አሁን በቃኝ» የሚለውን የውስጥ ሚዛን ነው። ይህ ደግሞ ብቻውን ዶርም ውስጥ ለሚያጠና ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ መቼ እንደሚያቆም የሚነግረው ሌላ ማንም የለምና።

ስለዚህ ሚዛኑን ከውጭ መስጠት ያስፈልጋል። አንድ ንዑስ ርዕስ፣ ከ5 እስከ 7 ገጽ የሚሆን፣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ላፕቶፑን ክደኑት። ደብተር አውጥታችሁ ያስታወሳችሁትን በእስክሪብቶ ጻፉ፤ ትርጉሙን፣ ቀመሩን፣ «ለምን» የሚለውን። ከመክፈታችሁ በፊት በገጹ ጥግ ለራሳችሁ ከ10 ስንት እንደምትሰጡ አስፍሩ። ከዚያ ክፈቱና በሌላ ቀለም አርሙ። ግምቱ 8 ሆኖ እርማቱ 5 ካመጣ ያ ክፍል አልተጠናም፤ ነገ ይደገማል። ግምቱና እርማቱ በአንድ ነጥብ ልዩነት ውስጥ መግባት ሲጀምሩ ሚዛኑ ተስተካክሏል ማለት ነው። ይህን የምታደርጉት ደብተር ላይ እንጂ ኖትፓድ ላይ አይሁን፤ ኮፒና ፔስት ቅርብ ሲሆን እጅ ወደዚያው ይሄዳል።

ፒዲኤፉን ቢጫ መቀባትም ጥናት አይደለም። ጆን ዳንሎስኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 አሥር የአጠናን ዘዴዎችን ሲመዝኑ ማቅለምንና መልሶ ማንበብን ከዝቅተኞቹ ተርታ አስቀምጠዋቸዋል፤ ራስን መፈተንና ጥናቱን በተለያዩ ቀናት መከፋፈል ከላይ ሆኑ። ወረቀት ላይ ቢያንስ ማርከሩ ያልቃል፣ እጅም ይደክማል። ስክሪን ላይ ግን በአንድ ጉተታ ሙሉ አንቀጽ ቢጫ ይሆንና ሁሉም ተለይቶ ሲያበቃ ምንም አልተለየም።

ገጹ ስክሪኑ ውስጥ አይገባም

ሌላው ችግር ንጹሕ የልክ ጉዳይ ነው። 15.6 ኢንች የሆነ፣ 1366 በ768 ፒክስል ያለው ርካሽ ላፕቶፕ ስክሪኑ ቁመቱ 19 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። የኤ4 ወረቀት ቁመት 29.7 ሴንቲሜትር ነው። ከላይ የፕሮግራሙ ሜኑ፣ ከታች የዊንዶውስ ታስክባር ሲቀነስ ለገጹ የሚተርፈው 16 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ሙሉውን ገጽ አንድ ላይ ለማየት ስትሞክሩ በ12 ነጥብ የተጻፈው ወደ 6 ነጥብ ተኩል ይወርዳል፣ አይነበብም። ስታሰፉት ደግሞ ገጹ ለሁለት ይቆረጣል፤ ሥዕሉ ከላይ ይቀራል፣ ማብራሪያው ከታች ይውላል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ስታመላልሱ ሐሳቡ መሃል ላይ ይጠፋል። ወረቀት ላይ «ያ ቀመር በግራው ገጽ ከታች ነበር» ብሎ ማስታወስ ይቻላል። በሚንሸራተት ገጽ ላይ ግን ቀመሩ ቋሚ ቦታ የለውም፤ አንዴ ስክሪኑ አናት ላይ፣ አንዴ መሃል ላይ ነው።

የመጀመሪያው ማስተካከያ ማንሸራተትን ማቆም ነው። ፒዲኤፍ ማንበቢያው ውስጥ የገጽ አቀማመጡን ከተከታታይ ወደ ነጠላ ገጽ ቀይሩት፣ ስፋቱን ከስክሪኑ ጋር አስተካክሉ፣ ከዚያ በመዳፊት ጎማ ፋንታ በፔጅ ዳውን ቁልፍ ሂዱ። ገጹ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቦታ ይቆረጣል፣ ዓይንም ቦታውን ይለምዳል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማይሞክረው ነው፤ ላፕቶፑን በጎኑ ማቆም። ዊንዶውስ ላይ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ገብታችሁ ኦሪየንቴሽኑን ፖርትሬት አድርጉት፣ ከዚያ ላፕቶፑን እንደተከፈተ መጽሐፍ በጎኑ ጠረጴዛ ላይ አቁሙት። 34 ሴንቲሜትር የነበረው ስፋት ቁመት ይሆንና የኤ4 ገጽ ከ90 በመቶ ባላነሰ መጠን ሙሉ በሙሉ ይገባል። ሁለት ጥንቃቄ አለው። የፋኑ አየር ማስወጫ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፤ ከታች ከታፈነ ማሽኑ ይግላል። ቲኤን የሚባለው የቆየ ዓይነት ስክሪን ከሆነ ደግሞ ሲዞር ለግራና ለቀኝ ዓይን የተለያየ ብርሃን ያሳያል፣ ራስ ያስይዛል፤ እንዲህ ከሆነ ወዲያው ተዉት።

በአማርኛ ሲሆን

ይህ ክፍል በተለይ ሕግ፣ ታሪክና አማርኛ ለሚያጠኑ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ስክሪን በአንድ ኢንች 100 ፒክስል ገደማ ነው ያለው። ወደ 6 ነጥብ ተኩል የወረደ ፊደል 9 ፒክስል ቁመት ያገኛል ማለት ነው። «ሉ» ጭረቱ ወገቡ ላይ፣ «ሊ» ጭረቱ እግሩ ላይ መሆኑን የሚለየው አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ነው፤ የ«ሌ» ቀለበት ደግሞ ተደፍኖ ነጠብጣብ ይሆናል። ዓይን ያጣውን አእምሮ በግምት ይሞላል፣ ግምቱም ብዙ ጊዜ ልክ ነው። አንዳንዴ ግን «ንብረቱ» የሚለው «ንብረቴ» ሆኖ ይነበባል፤ በውል ጽሑፍ ውስጥ ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም። ግምቱ ራሱም ድካም ነው፤ አንባቢው ሳያውቀው በየመስመሩ ይከፍለዋል።

ዎርድ ላይ ያለ ጽሑፍ ከሆነ ፊደሉን ከ14 እስከ 16 ነጥብ፣ የመስመር ርቀቱን 1.5 አድርጉት። ኒያላ ቀጠንና አነስ ያለ ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ስክሪን አይመችም፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወፈር ያለ ግንድ ስላለው ይሻላል። ፒዲኤፍ ከሆነ ዙሙን ከ130 እስከ 150 በመቶ ከፍ አድርጉ። ዊንዶውስ ፊደልን የሚያጠራበት ክሊርታይፕ የሚባለው መብራቱንም አንዴ ማየት አይጎዳም።

ፋይሉ ራሱ የታመመ ከሆነ ይህ ሁሉ አይረዳም። በቴሌግራም የሚዞረው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በስልክ ካሜራ የተነሳ ፎቶ ነው፤ ሲላክ ደግሞ ይጨመቃል፤ ዙም ሲደረግ የሚተልቀው ብዥታው ነው። ራሳችሁ ስካን የምታደርጉ ከሆነ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ በጥቁርና ነጭ ወይም በግራጫ አድርጉት፣ ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት።

አንድ ሌላ ወጥመድም አለ። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ጽሑፍ የሚዘጋጀው ፊደላቱን በላቲን ፊደላት ቦታ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለ ፒዲኤፍ ስታዩት ደህና አማርኛ ነው፤ አንድ ቃል ስትፈልጉበት ግን «አልተገኘም» ይላል፣ ቃሉ ዓይናችሁ ሥር ተቀምጦ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ አስቀምጡ። ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ከወጣ ያ ፋይል መፈለግ አይችልም። የስክሪን ንባብ ዋነኛው ጥቅም ፍለጋ ነው፤ እሱ ከሌለ ከወረቀት የሚያንስበት ብቻ ተረፈ። ቴሰራክት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የአማርኛ ዳታ ስላለው ምስሉን መልሶ ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፤ የገጹ ጥራት ደካማ ከሆነ ግን ውጤቱን ከዋናው ጋር ማመሳከር ግድ ነው።

ዓይንና አንገት

ሰው ዘና ብሎ ሲቀመጥ በደቂቃ 15 ጊዜ ገደማ ዓይኑን ያርገበግባል። ሲያተኩር ይህ ወደ ግማሽና ከዚያ በታች ይወርዳል፣ የሚያርገበግበውም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። እንባው ቶሎ ይተናል፤ ማቃጠሉ፣ አሸዋ ያለበት መምሰሉ፣ አንዳንዴም ውሃ ማፍሰሱ ከዚህ ነው የሚመጣው። ወረቀት ስናነብም መርገብገብ ይቀንሳል፤ ግን መጽሐፍ ከታች ስለሚያዝ የላይኛው ቆብ ዓይንን በከፊል ይሸፍነዋል። ፊት ለፊት ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስክሪን ዓይንን በልጥጦ ያስከፍተዋል። ስለዚህ የስክሪኑ የላይ ጠርዝ ከዓይን ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ርቀቱም ከ50 እስከ 70 ሴንቲሜትር ይሁን፤ ክንድ ተዘርግቶ ጣት የሚነካው ያህል።

በየ20 ደቂቃው ለ20 ሴኮንድ 6 ሜትር ርቆ ያለ ነገር ማየት የሚባለው ምክር ደህና ነው፤ ዶርም ውስጥ 6 ሜትር ስለማይገኝ በመስኮት ተመልከቱ። በዚያው ደግሞ አሥር ጊዜ ቀስ ብላችሁ ዓይናችሁን ጨርሳችሁ ጨፍኑ። የብርሃኑን መጠን ለማወቅ ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ያዙ። ስክሪኑ እንደ መብራት ካበራ በዝቷል፣ ግራጫ ከመሰለ አንሷል። መስኮቱ በጎን ይሁን፤ ከኋላ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል፣ ከፊት ከሆነ ዓይንን ይወጋል። መብራት ሲጠፋና ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ብርሃኑን በራሱ ስለሚቀንስ ይህን እንደገና ማስተካከል አይረሳ። አንዳንድ ስክሪን ብርሃን የሚቀንሰው በፍጥነት እየበራና እየጠፋ ነው፤ ዝቅ ባለ ብርሃን ላይ እርሳስ ከስክሪኑ ፊት ስታወዛውዙ ጥላው ተቆራርጦ የሚታይ ከሆነ ይኸው ነው። እንዲህ ያለውን ከፍ ባለ ብርሃን ተጠቀሙ፣ ክፍሉንም አብሩ።

ጥቁር ገጽ በነጭ ፊደል ለሁሉም አይስማማም። ጨለማ ሲበዛ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ጥራት ይቀንሳል፤ አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት ጉብጠት እኩል አለመሆን) ያለበት ሰው ፊደሉ ጭጋግ ለብሶ ይታየዋል። ለረጅም ንባብ ደብዘዝ ባለ ነጭ ላይ ጥቁር ፊደል ይሻላል።

መነጽሩን በተመለከተ፣ ሰማያዊ ብርሃን ያጣራል የሚባለው ላይ ገንዘብ ባታወጡ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ 17 ሙከራዎችን አይቶ የዓይን ድካምን በአጭር ጊዜ ውስጥ እንደሚቀንስ ማስረጃ አላገኘም፤ የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚም አይመክረውም። ያንኑ ገንዘብ ለዓይን ምርመራ አውሉት። ወረቀት ላይ የማያስቸግር የግማሽ ዳዮፕተር (የመነጽር መለኪያ) ጉድለት ለሰዓታት ስክሪን ሲታይ ራስ ምታት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ዕድሜያችሁ ከ40 ካለፈ ከስክሪኑ ያላችሁን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ለባለሙያው ንገሩ፤ የንባብ መነጽር የሚሠራው ለ40 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ 60 ሴንቲሜትር ላይ ያለ ስክሪን በእሱ ይደበዝዛል። አንድ ነገር አጥብቄ የምለው፤ ዓይን ቀላ ብሎ ፋርማሲ ገብቶ ዴክሳሜታሶን የሚባል ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ መግዛት አደገኛ ነው። ስቴሮይድ ለጊዜው ቅላቱን ያጠፋል፤ ሲደጋገም ግን የዓይን ግፊት ሊጨምር፣ ግላኮማና የዓይን ሞራም ሊያስከትል ይችላል። ለድርቀት የሚሆነው ሰው ሠራሽ እንባ ነው።

ላፕቶፕ ስክሪኑና ኪቦርዱ የተያያዙ ስለሆኑ ወይ አንገት ይጎብጣል ወይ ትከሻ ይነሳል። ለንባብ ግን ኪቦርድ አያስፈልግም። ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር የሚሆን መጽሐፍ ከሥሩ ደርድሩ፣ ማውስ ሰኩ፣ አበቃ። ኪቦርድ የምትገዙት የመመረቂያ ጽሑፍ ስትጀምሩ ነው።

ማታ ላይ የሚሆነው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ የወጣ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ሙከራ 12 ሰዎችን ከመኝታ በፊት ለአራት ሰዓት በታብሌትና በወረቀት አስነበባቸው፤ በታብሌት ያነበቡ ዕለት እንቅልፍ የሚጠራው ሆርሞን፣ የሜላቶኒን፣ ምርታቸው ዘግይቶ ጀመረ፣ እንቅልፍም ወደ 10 ደቂቃ ዘገየ፣ ጠዋትም እንደደነዘዙ ቆዩ። 10 ደቂቃ ብዙ አይደለም፤ የጠዋቱ ድንዛዜ ግን የጥናት ሰዓት ይበላል። የሚታተመውን ለማታ፣ ስክሪኑን ለቀን ማድረግ ነው።

ቴሌግራም ያው ማሽን ላይ ነው

ፒዲኤፉ ከቴሌግራም የወረደ ነው፣ ቴሌግራሙም እዚያው ክፍት ነው። ማሳወቂያ ማጥፋት አይበቃም፤ ማንም ሳይጽፍላችሁም ራሳችሁ ትሄዳላችሁ። የሚሠራው መንገዱን ማርዘም ነው። የቀኑን ፋይሎች አንድ ፎልደር ውስጥ አውርዱ፣ ዋይፋዩን ወይም የስልኩን ሆትስፖት አጥፉ። ዊንዶውስ ላይ «ጥናት» የሚል ሌላ የተጠቃሚ አካውንት ክፈቱ፤ እዚያ ቴሌግራምም የተቀመጠ የይለፍ ቃልም አይኑር። ፒዲኤፉን በሙሉ ስክሪን ክፈቱ። የማታውቁት ቃል ሲመጣ ለመፈለግ አትውጡ፤ ደብተር ላይ መዝግቡና መጨረሻ ላይ አንድ ላይ ፈልጉ።

ምን ይታተም?

ሁሉንም ማተም አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ስዊድን የመማሪያ መጽሐፍ ወደ ክፍል ለመመለስ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 685 ሚሊዮን ክሮና መድባለች፤ ተማሪ ግን በጀቱ ሌላ ነው። ትርጉሞችና ቀመሮች የተጨመቁበት፣ ሦስት ጊዜ የምትመለሱበት፣ ሥዕልና ማብራሪያ ጎን ለጎን የሚታይበት ክፍል ይታተም። መግቢያ፣ ምሳሌ የበዛበት ምዕራፍና አንዴ ታይቶ የሚታለፍ ስላይድ ስክሪን ላይ ይበቃዋል። ለመቆጠብ በአንድ ወረቀት ሁለት ገጽ ስታሳትሙ መጠኑ ወደ 71 በመቶ ስለሚወርድ 12 ነጥብ የነበረው 8 ተኩል ይሆናል፤ ይነበባል። አራት ገጽ ስትሉ ግን 6 ነጥብ ነው፤ ከስክሪኑ የሸሻችሁትን ችግር በወረቀት ገዛችሁት ማለት ነው። ጥቁር ጀርባ ያለውን ፓወርፖይንት ወደ ነጭ ሳትቀይሩ ለፎቶ ኮፒ ቤት አትስጡ፤ ቶነሩ ተዝረክርኮ ፊደሉ ይጠፋል።

ፈተናው በስክሪን ስለሆነ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት የሙከራ ፈተናዎች በስክሪን ይሠሩ፤ በሰዓት፣ ሙሉውን፣ ሳይቋረጥ። እዚያ የሚጎድለው እርሳስ ነው። ወረቀት ላይ የእንግሊዝኛው «ኖት» (ያልሆነ) ወይም «ኤክሰፕት» (በስተቀር) የሚለው ቃል ይከበባል፣ የተጣለ ምርጫ ይሰረዛል። ስክሪን ላይ ይህን የሚተካው ባዶ ወረቀት ነው። የጥያቄውን ቁጥር ጻፉ፣ «ያልሆነው» የሚል ከሆነ ከቁጥሩ ጎን የመቀነስ ምልክት አድርጉ፣ ከሥሩ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ብላችሁ የወደቀውን ሰርዙ። ስሌት ያለው ከሆነ ቁጥሮቹን ወደ ወረቀቱ ስትገለብጡ መልሳችሁ ከስክሪኑ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ፤ ነጥብ የሚጠፋው ስሌቱ ላይ ብቻ ሳይሆን እዚህም ነው። የጥያቄው ምንባብ ረጅም ከሆነ መጀመሪያ ጥያቄውን አንብቡ፣ ከዚያ ወደ ምንባቡ ውጡ፣ መልሱ ያለበትን አንቀጽ ቁጥር ወረቀቱ ላይ ያዙ።